ጠባሳ የሚተው ሐኪም

ለባሌ ሐኪም ስመርጥ የደከምኩትን ያህል እሱ እኔን ሲመርጥ አልደከመም። እኔን አንድ ቀን ታክሲ ስጠብቅ አየኝ፣ ወደደኝ፣ አለቀ። ለቅንድቡ ዕጢ ሐኪም ለማግኘት ግን የስንት ክሊኒክ ደረጃ ወጥቼ ወርጃለሁ። አንዱ ጋ ስወስደው ይሸሻል፣ ሌላው ጋ ስወስደው እምቢ ይላል። ሰዉ ሁሉ "ቢላ ፈርቶ ነው" ይለኝ ነበር፤ ለእኔም የመሰለኝ ይኸው ነው። ቢላማ በእጁ የኖረ ሰው ነው፣ ምን ያስፈራዋል? የፈራው የሞተ ወንድሙን ነበር።

ከሥሩ ልንገራችሁ። እኔ ያኔ ያላወቅሁትን እናንተ ከአሁኑ እወቁት፤ እንደ እኔ አትቃጠሉ።

ባሌ ፀጉር አስተካካይ ነው። መንታ ናቸው፤ ነበሩ ልበል። ቀድሞ የወጣውን እናታቸው "ትልቁ" አሉት፤ ተከትሎት የመጣውን፣ የእኔን፣ "ትንሹ"። ቁርጥ አንድ ሰው ናቸው። የሚለያቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትንሹ ከቀኝ ቅንድቡ ጫፍ ላይ ከልደቱ ጀምሮ ሽምብራ የምታህል ጉብታ አለችው። ትልቁ የለውም። የሰፈር ልጅ ሁሉ ባሌን "ቀንዶ" ይለው ነበር አሉ። ትልቁ "ቀንዶ" ያለውን ሁሉ ሲደበድብ ይውላል፤ ቤት ሲገቡ ግን እሱ ራሱ ከቀንዶ ሌላ አይጠራውም።

አድገው አንድ ፀጉር ቤት ከፈቱ። ሁለት ወንበር፣ ሁለት መስታወት። ድምፃቸውም አንድ ስለነበር ፂሙን የሚላጭ ደንበኛ ዐይኑን ሲጨፍን የትኛው እንደሚያወራው አያውቅም፤ ወሬውን አንዱ ጀምሮ ሌላው ይጨርሰዋል። እንዲህ እየሳቁ ሲሠሩ ኖረው፣ አንድ ጠዋት ትልቁ ሱቅ ሊከፍት ሲሄድ መንገድ ሲሻገር መኪና ገጨው። ሆስፒታል እንኳን አልደረሰም። ባሌ ፊቱ ላይ ሳሙና እንዳለ ነው መርዶውን የሰማው።

ከዚያ ወዲህ ሁለተኛው ወንበር ላይ ሰው አይቀመጥም። አዲስ ደንበኛ ሊቀመጥ ሲል ባሌ "እሱ ተበላሽቷል" ይላል። ምን ተበላሸ! ወንበሩ ደህና ነው፤ አንድ ቀን ሱቁን ልጠርግለት ሄጄ አረፍ ብዬበታለሁ። ብቻ ጀርባዬን ቅዝቅዝ ሲለኝ ቶሎ ተነሣሁ። የራሱን ወንበር ደግሞ ከነበረበት ነቅሎ ማዶ ግድግዳ ሥር ተከለው። እኔ ሞኟ "ለብርሃኑ ጥሩ አደረግህ" አልኩት። እሱ ግን ከበር የሚገባ ሰው ቀድሞ ቀኝ ፊቱን፣ ጉብታውን እንዲያይ ብሎ ነው። ምክንያቱም በግራ በኩል ያየው ሰው ትልቁን ነው የሚያየው። አንድ ጊዜ ከተማ ለቆ የቆየ ደንበኛ በግራው በኩል ድንገት ደርሶበት "ትልቁ! ሞተ ብለውኝ አልነበር እንዴ!" ብሎ ጥምጥም አለበት። ባሌ "አይደለሁም" ሊል ቢል አፉ አልታዘዝ ብሎት፣ ሰውየውን አቅፎ፣ ፀጉሩን አስተካክሎ ሸኘው። ሰውየው እስከ ዛሬ ትልቁ በሕይወት ያለ ይመስለዋል።

ይሄ ብቻ ቢሆን ይቻል ነበር። አማቴ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት፤ ከኮሪደሩ መጨረሻ ባለችው ክፍል። አንድ ቀን ባሌ ግቢ ውስጥ ቧንቧው ጋ እጁን ሲታጠብ ግራ ጎኑን ሰጥቷቸው ኖሯል። አማቴ ከበረንዳው ብድግ አሉና "መጣህ?" አሉት። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእናቱ አፍ ሰምቶ አያውቅም። ዞረ። ጉብታውን አዩ። "እ… አንተ ነህ እንዴ?" አሉና ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ። ያን ቀን እህል አልቀመሱም። እኔ ወጣ ብዬ ነበር፤ ስመለስ "ምን ሆነው ነው?" ብዬ ብጠይቀው "ራሷን አሟት" አለኝ።

እንግዲህ ይቺን ነገር ነው ውጦ የተቀመጠው። ጉብታዋ ከፊቱ ከተነሣች እናቱ ጠዋት ማታ የሞተ ልጃቸውን ሊያዩ ነው። ባዩት ቁጥር "መጣህ?" ሊሉ ነው፤ ከዚያ ደግሞ እሱ አለመሆኑን እያወቁ እንደገና ሊቀብሩት ነው። እሱም ዕድሜውን ሙሉ "አንተ ነህ እንዴ?" ሲባል ሊኖር ነው። ይህን ሁሉ በሆዱ ይዞ ነው እኔ ሐኪም ስመርጥ ከኋላ ከኋላዬ የሚጎተተው።

ጉብታዋ ደግሞ አላረፈችም፤ አደገች። ሽምብራ የነበረችው ብይ አከለች። የዐይኑን ቆብ ወደ ታች እየተጫነች ቀኝ ዐይኑን ግማሹን ጋረደችው። አንድ ቀን ጡረታ የወጡ አስተማሪ ደንበኛውን ሲያስተካክል ጆሯቸውን ጨረፍ አደረጋቸውና ደም መጣ። አስተማሪው ተጫዋች ናቸው፤ "ጆሮዬን ለቅምሻ ፈልገኸው ነው?" ሲሉ ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ባሌ ግን ምላጩን አስቀምጦ፣ ፎጣውን ሰቅሎ ቤት መጣ። ዐይኑ ከጠፋ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። "በቃ! ይወጣል!" ያልኩት ያን ቀን ነው።

መጀመሪያ የቆዳ ሐኪም ጋ ሄድን። ነካ ነካ አድርጎ፣ ራጅ አስነሥቶ፣ "ክፉ ነገር አይደለም፤ ካንሰር ምናምን ብላችሁ እንዳትጨነቁ። ከማኅፀን አብሮት የመጣ ነው። ግን ሥሩ አጥንቱ ላይ ነውና የእኔ ሥራ አይደለም፤ ፊት የሚሠራ ቀዶ ሐኪም ፈልጉ" አለን። እኔ ደስታዬ ወሰን አጣ። ባሌ ቀድሞኝ ከክፍሉ ወጣ።

"ምነው? ክፉ አይደለም ሲልህ ደስ አይልህም?"

"አብሮት የመጣ ነው አለ፤ ሰማሽው?"

"ታዲያስ?"

"አብሮኝ የመጣው ሌላም ነበር" አለና አውቶቡስ ውስጥ መስኮት መስኮቱን ሲያይ መጣ። ነገሩ ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር፤ ልብ ካላየ ዐይን አያይም።

ከዚያማ ሐኪም ጠቋሚው በዛ። የምታውቁት ነው፤ አንድ ሰው ታመመ ሲባል አገሩ ሁሉ ሐኪም ያውቃል። ጎረቤቴ "የእኔን እህት የሠራት ሐኪም አለ፤ የት ጋ እንደተቀደደች አይታወቅም" አለችኝ። ከዚህ በኋላ መመዘኛዬ እሱ ሆነ። ፊት እኮ ነው! ለፊት የሚሆን ሐኪም ማለት ጠባሳ የማይተው ሐኪም ነው ብዬ ተነሣሁ፤ ይኸው ነው ጥፋቴ ሁሉ።

የጎረቤቴ ሐኪም ክሊኒክ ሁሉ ነገሩ ነጭ ነው፤ ወንበሩ፣ ግድግዳው፣ የልጅቷ ጫማ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ መልከ መልካም። "ጠባሳ የሚባል ነገር አያዩም፤ በዐይን ቆብዎ እጥፋት ውስጥ ነው የምገባው" ሲል ባሌን በክርኔ ጎሸም አደረግሁት። ከዚያ ፎቶ አነሣውና ኮምፒውተሩ ላይ አወጣው። "ሲያልቅ ምን እንደሚመስሉ ላሳይዎት" አለና በጣቱ ጉብታዋን ጠረግ፣ ጠረግ አደረጋት። ጠፋች።

"ወይኔ! ሲያምር!" አልኩ እኔ፤ አፌን ይቁረጠውና።

ባሌ ከወንበሩ ተነሣ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ያን ስክሪን ሲያይ ምን እንዳየ አሁን አውቃለሁ። ትልቁ ሲሞት አንድ ሽበት አልነበረበትም፤ ኮምፒውተሩ ላይ የወጣው ሰውዬ ግን ጆሮ ግንዱ ላይ ሸብቷል፣ ከዐይኑ ሥር ከረጢት አውጥቷል፣ ትክ ብሎ ያየዋል። የሞተው ሰው እዚያው ባለበት ሆኖ አብሮት ሲያረጅ ኖሯል። ባሌ ጃኬቱን እንኳን ሳያነሣ ወጣ። እኔ ሐኪሙን "ይቅርታ፣ ሆዱን ቁርጠት ይነሣበታል" ብዬ ዋሽቼ ጃኬቱን ታቅፌ ሮጥኩ። መንገድ ዳር የስልክ እንጨት ተደግፎ አገኘሁት።

"ምን ሆንክ አንተ ሰውዬ? አዋረድከኝ እኮ!"

"ሸብቷል፤ አየሽው?" አለኝ።

"ሰው ይሸብታል! አንተ ብቻ ነህ?" ብዬ ጃኬቱን ወረወርኩለት። ስለ ራሱ የሚያወራ መስሎኝ።

ተስፋ አልቆረጥኩም። ሌላ፣ ከዚያ የባሰ ስመ ጥር ፈለግሁ። ባሌ ገና ሳይቀመጥ "ጠባሳው ይታያል?" ሲል ጠየቀው። ሰውየው ኮራ ብሎ "በፍጹም!" አለ። "እንግዲያው ይቅር" ብሎ ወጣ። ደሜ ፈላ። ያን ዕለት ቤት ስንደርስ ያልተናገርኩት ነገር የለም። ፈሪ አልኩት፣ አውቆ አበድ አልኩት፣ "ከእኔ ጋር ለመጣላት ሰበብ ፈልገህ ነው" አልኩት። አቀርቅሮ ሰማኝና "አንድ የመጨረሻ ልሞክር፤ እኔ ራሴ የመረጥኩት" አለ። አስተማሪው ደንበኛው ስለ አንዲት ሐኪም ነግረውት ኖሯል።

ሐኪሟ ሸምገል ያሉ ሴት ናቸው፤ የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም፣ በመንግሥት ሆስፒታል። መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። አግዳሚው በሰው ብዛት ተቆልምሟል፣ ቀለሙ ተላልጧል። ተራችን ሲደርስ ባሌ "አንቺ እዚህ ጠብቂኝ" አለኝ። እኔ? እኔ ውጭ? ተውኩት እንጂ። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተከፈተ።

"የዚህ ሰውዬ ሚስት የታለች? ግቢ እስቲ አንቺ።"

ገባሁ። ባሌ ጫማውን ያያል።

"ባልሽ ምን እንደሚለምነኝ ታውቂያለሽ? ዕጢውን አውጪና ቅንድቤን አቋርጠሽ እስከ ጉንጬ ቅደጂኝ ነው የሚለኝ። ሰው እንዲያየው አድርጊልኝ ይላል። ዕድሜዬን ሙሉ 'ጠባሳ አሳንሺልኝ' ሲሉኝ ኖሬ 'አብዢልኝ' ያለኝ የመጀመሪያው ሰው ነው።"

ከዚያ ባሌ ተናገረ። ስለ ወንበሩ፣ ስለ ቧንቧው፣ ስለ እናቱ። "ጉብታው ከሄደ በምትኩ ምልክት ያስፈልገኛል" አለ። "አለበለዚያ እሱ ልሆን ነው። እኔ እሱ ከሆንኩ እናቴ አትተርፍም።" እኔ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ከእኔ ደብቆ! ከዚያ አዘንኩለት። ምን ዓይነት ሰው ነው በራሱ ፊት እንዲህ ሲሰቃይ ኖሮ አንዲት ቃል የማይተነፍስ? እኔስ ምን ዓይነት ሚስት ነኝ ብዬ እጁን ያዝኩት።

ሴትዮዋ ሐኪም መነጽራቸውን አወለቁ። "ስማኝ ልጄ። እኔ ሰው ላበላሽ ቢላ አላነሣም። ጠባሳ አይኖርህም ብዬም አልምልልህም፤ የተቆረጠ ገላ የራሱን ነገር ነው የሚያደርገው። ግን እናትህን ጠይቀሃታል?"

"ምን ብዬ?"

"ይሄን ለእኔ የነገርከኝን።"

"አልችልም ዶክተር።"

"እንግዲያው እኔም አልችልም። ነግረሃት ና። የመጣህ ቀን እቀበልሃለሁ።"

ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ "የእኔ ሐኪም እሳቸው ናቸው" አለኝ። ያን ሁሉ አማርጬ፣ ምንም ቃል ያልገቡልንን መረጠ። እኔ ግን ፈራሁ። እናቱን እንዴት አድርጎ እንደሚነግር እያሰብኩ ቤት ደረስኩ።

ያው ነገራቸው። አማቴ አልጋቸው ላይ ሆነው የታጠበ ልብስ ያጣጥፋሉ። እሱ ከእግራቸው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ እኔ በሩን ተደግፌ። ሲናገር ቀና ብለው አላዩትም፤ ማጣጠፋቸውንም አላቆሙም። ሲጨርስ አንዱን ሸሚዝ ይዘው ቆዩና፣

"ዐይንህን ለእኔ ብለህ ነው የምታጠፋው? አንዱን ቀበርኩ፤ ሌላውን በቁሙ ላሳውር?" አሉ።

"እማዬ፣ እኔን ባየሽ ቁጥር እሱን እንዳታዪ ብዬ ነው…"

"አየዋለሁ! ጉብታህ እያለም አየዋለሁ። ይቺ ጉብታ ምን ትከልላለች? ስትስቅ እሱ ነው። ስታስነጥስ እሱ ነው። ኮሪደሩ ላይ ስትሄድ የማን ኮቴ ነው ብለህ ነው በሩን የምዘጋው?" ሸሚዙን እንደገና ዘርግተው እንደገና አጣጠፉት። "አስወጣው። ፋሻው የሚፈታ ቀን ግን ሱቅ አትሂድ፤ መጀመሪያ ወደ እኔ ና። የምፈልገው ነገር አለ።"

ምን እንደሆነ ብንጠይቃቸው "ያኔ" ብቻ አሉን። ባሌ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል አጣ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ፤ የፈራው ነገር በእናቱ አፍ ቀጠሮ ተይዞለት ይጠብቀዋል።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ሴትዮዋ ሐኪም የወጣውን ዕጢ በብልቃጥ አምጥተው አሳዩን። "ውስጡ ፀጉር አለበት፤ አንዳንዱ ዕጢ እንዲህ ነው" ሲሉ ባሌ በፋሻው ሥር ሆኖ "ዕድሜ ልኬን ያላስተካከልኩት ፀጉር ያ ብቻ ነበር" አለ። ሁላችንም ሳቅን። ስቀን ስናበቃ ግን ባሌ ብልቃጡን ደጋግሞ ያያል፤ ያዘነላት ይመስላል።

ፋሻው ተፈትቶ ክሩ የወጣ ቀን ቅንድቡ ሥር የቀረችው ቀጭን ቀይ መስመር ብቻ ናት። እሷም ትጠፋለች አሉን። ነርሷ የእጅ መስታወት ስትሰጠው "ቤቴ አየዋለሁ" ብሎ መለሰላት። ፀጉር አስተካካይ መስታወት ሲፈራ ያየሁት ያኔ ነው። እኔም ልዋሽ አልችልም፤ ወደ ፀሐዩ ወጥተን ቀና ብዬ ሳየው ሰውነቴን ነዘረኝ። ትልቁን በደንብ አውቀው ነበር እኮ፤ ሠርጋችን ላይ ከባሌ ይልቅ የጨፈረው እሱ ነው። አጠገቤ እየሄደ ያለው ማን እንደሆነ ለራሴ እየነገርኩ ነው ቤት የደረስኩት።

አማቴ ወንበራቸው ላይ ነበሩ፣ ለበስ ብለው፣ ፀጉራቸውን ተበጥረው። ባሌ በሩ ላይ ቆመ። ብዙ አዩት። አላለቀሱም። በእጃቸው ጠሩትና ፊት ለፊታቸው በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

"ትንሹ።"

"አቤት።"

"የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ዛሬ ብቻ። ሁለተኛ አልጠይቅህም። በስሙ ልጥራህና አቤት በለኝ።"

ባሌ ወደ እኔ ዞረ፤ ምን ልበል? ዐይኔን ወደ መሬት ጣልኩ። "እሺ እማዬ" አለ።

"ትልቁ" አሉ አማቴ። እሱ ከሞተ ወዲህ ያ ስም ከእሳቸው አፍ ወጥቶ አያውቅም።

"አቤት፣ እማዬ።"

የመንታዎቹ ድምፅ አንድ ነበር፤ አውቃለሁ። ግን የመለሰው ባሌ ነው ብዬ መማል ይከብደኛል። አሁን ሙሾ ያወርዳሉ፣ አሁን ይወድቃሉ ብዬ ልይዛቸው ተዘጋጀሁ። አማቴ ግን፣

"ቁርስ በልተሃል?" አሉት።

"በልቻለሁ።"

"ያን ዕለት ሳትበላ ነው የወጣኸው። ቁርሱ ቀርቦልህ።"

"ደርሼ እመለሳለሁ ብዬ ነው።"

"ርቦህ ነበር እኮ ልጄ።"

"አሁን አይርበኝም፣ እማዬ። ምንም አይርበኝም።"

ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባሩን ሳሙት። የሳሙት በግራ በኩል ነው። "በል ሂድ እንግዲህ" አሉ፤ ድምፃቸው ሳይሰበር። "አላቆይህም። በሰላም ሂድ። ስትወጣ ትንሹን ላክልኝ።"

ተነሣ። ወጣ። በሩን ከኋላው ዘጋሁት። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ይዞ ቀስ እያለ ወረደና መሬት ተቀመጠ፣ ከዚያ አለቀሰ። ትልቁ በተቀበረ ቀን እናቱን ደግፎ ሲያቆም ስለዋለ አላለቀሰም ነበር፤ ያን ሁሉ ነው አሁን ያወጣው። ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅሁት። ሲበርድለት እንደ ልጅ ቀና ብሎ አየኝ።

"አሁን የሚገባው ማነው?" አለኝ።

"ማን ይገባል! አንተ ነሃ!" አልኩት፤ እኔም እያለቀስኩ። "ትንሹ ተጠርቷል፤ አልሰማህም? እናትህን አታስጠብቃት፤ ተነሥ!"

ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። በሩን አንኳኳ፤ በዚያ ቤት በር አንኳኩቶ አያውቅም። ከፈተና አንገቱን አስገባ።

"እማዬ፣ ጠራሽኝ?"

"አዎ፣ ትንሹ። ና ግባ። እስቲ ወደ መስኮቱ ዞር በል፣ ቁስልህን ልየው" አሉት።